ምድር፣ አየር ወይስ ባሕር? ውትድርናን የሚያስብ ወጣትና ቤተሰቡ አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የመኸሩ እህል ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በብዙ የገጠር ቤቶች ስለ ልጆች ቀጣይ ሕይወት ምክክር ይደረጋል። ማን ትምህርቱን ይቀጥላል፣ ማን ከአባቱ ጋር ያርሳል፣ ማን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ውትድርናም አብሮ ይነሳል። አባት ያለችውን ማሳ ለአራትና ለአምስት ልጆች ማካፈል አይችልም። የትምህርቱም በር ጠቧል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ ወደ 5 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ቢልም አብዛኛው ተማሪ ማለፊያውን አላገኘም።

በዚህ መካከል የመከላከያ ሠራዊት የምልመላ ማስታወቂያ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወጣቱ "መከላከያ ልገባ ነው" ሲል ቤተሰቡ የሚጠይቀው መቼ እንደሚሄድና የት እንደሚሠለጥን ነው። የትኛው የሠራዊት ክፍል ውስጥ፣ በምን ሙያ እንደሚያገለግል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የወጣቱን የዕለት ኑሮ፣ የአደጋ ተጋላጭነት፣ የሙያ ዕድገትና ከሠራዊቱ ሲሰናበት ይዞት የሚወጣውን ሙያ የሚወስነው ግን ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

የሠራዊት ክፍል ምርጫ በምልመላው ቀን፣ በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ አብዛኛው ምርጫ ከዚያ ቀን ብዙ ዓመታት በፊት፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ውስጥ ተወስኖ ያልቃል።

ከጌታ ተከትሎ መዝመት እስከ ሙያ ምደባ

በቀደመው ዘመን አራሹ የት እንደሚሰለፍ አይጠየቅም ነበር። ክተት ሲታወጅ ስንቁን ቋጥሮ የአካባቢውን ሹም ተከትሎ ይወጣል። ቦታውም በሹሙ ቦታ ይወሰናል። ዛሬ እንደ ማዕረግ ብቻ የምናውቃቸው ስሞች የጦር ሰልፍ ቦታን የሚያመለክቱ ነበሩ። ፊታውራሪ ግንባር ቀደሙን፣ ቀኝ አዝማች ቀኙን፣ ግራ አዝማች ግራውን ክንፍ ይመራሉ። ሰውየው ተኳሽ ይሁን ፈረሰኛ፣ ስንቅ ጫኝ ይሁን አጋፋሪ፣ የሚወስነው ትውልዱና ያለው ሀብት ነበር።

ይህ ሥርዓት በዘመናዊ የጦር ትምህርት መተካት የጀመረው ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ ነው። በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለመኮንንነት የሚታጭ ወጣት ሊማር፣ ሊፈተንና ሊለካ የሚገባው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሠራዊቱ ውስጥ ቦታን የሚወስነው ዕውቀት፣ ጤናና የሠራዊቱ ፍላጎት እየሆነ መጥቷል። ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም የሠራዊቱ ፍላጎት፣ ከሁለቱ እንደሚቀድም ግን መዘንጋት የለበትም። ወታደር ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ በታዘዘበት ቦታ ያገለግላል። ስለዚህ መርጦ መግባት ይቻል ይሆናል፤ ገብቶ መምረጥ ግን አስቸጋሪ ነው።

ምርጫው ከመጀመሩ በፊት አንድ መደበላለቅ መጥራት ይኖርበታል። በአነጋገር ሁሉም "ጦር" ቢባልም የፌዴራል ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስና ሚሊሻ የመከላከያ ሠራዊት ክፍሎች አይደሉም። የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው ምልመላና ተጠሪነት አላቸው። በኮምፒውተር ዕውቀታቸው የታወቁ ወጣቶችን የሚስበው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም እንዲሁ ራሱን የቻለ ተቋም ነው። አመልካቹ ማስታወቂያውን ሲያነብ መጀመሪያ ማየት ያለበት ማን እንዳወጣው ነው።

ምድር ኃይል፦ ሰፊው በር

ከሦስቱ ኃይሎች እጅግ ብዙውን ሰው የሚይዘው ምድር ኃይል ነው። በተራ ወታደርነት ከሚመለመሉት ወጣቶች አብዛኞቹ የሚገቡትም ወደዚሁ ነው። እንደ ብር ሸለቆ፣ ሁርሶና ጦላይ ባሉ ማሠልጠኛዎች መሠረታዊ ሥልጠናውን የወሰደ ምልምል ወደ ክፍል ይመደባል። ምድር ኃይል ሲባል ግን አንድ ሥራ ብቻ አይደለም።

እግረኛው የሠራዊቱ የጀርባ አጥንት ነው። ረጅም ጉዞ በእግር ይጓዛል፣ ምሽግ ይቆፍራል፣ ዝናብና ሐሩር ይፈራረቁበታል፣ ከቤተሰቡ ርቆ በጠረፍ ይከርማል። በጦርነት ጊዜ ከፍተኛውን የሞትና የመቁሰል አደጋ የሚሸከመውም እርሱ ነው። ይህን መደበቅ ለወጣቱም ለቤተሰቡም አይጠቅምም። በአንጻሩ በእግረኛ ክፍል ውስጥ ብርታትና የመሪነት ችሎታ ቶሎ ይታያል። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያሉ ማደግ፣ ከዚያም በመኮንንነት ኮርስ ማለፍ የብዙ አዛዦች የሕይወት ታሪክ ነው።

ከእግረኛው ጎን መድፈኛ፣ ታንክና ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚያንቀሳቅሰው ሜካናይዝድ፣ መሐንዲስ፣ መገናኛ፣ ሎጂስቲክስና የሕክምና አገልግሎት አሉ። መድፈኛ ርቀትና አቅጣጫ ስለሚያሰላ ሒሳብ ይፈልጋል። መሐንዲስ ፈንጂ ያመክናል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ መንገድ ይጠርጋል። የመገናኛ ባለሙያ ሬዲዮ ይጠግናል፣ መልእክት ያስተላልፋል። የሎጂስቲክስ ሰው ስንቅ፣ ነዳጅና ጥይት ያደርሳል፤ ከባድ ተሽከርካሪ ይነዳል፣ ይጠግናል።

እዚህ ላይ ለገጠሩ ወጣት አንድ ጠቃሚ ነጥብ አለ። በቤቱ የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ፣ ትራክተር የነዳ ወይም በቴክኒክና ሙያ ተቋም ብየዳና አውቶ መካኒክ የተማረ ወጣት ያንን ሙያ በምዝገባ ጊዜ ማስታወቅና የምስክር ወረቀቱን ማቅረብ አለበት። ያልተመዘገበ ሙያ በምደባ ጊዜ አይታይም። ብዙዎች "ወታደር ልሆን ነው፤ ይህ ምን ያደርጋል?" በሚል ወረቀታቸውን ቤት ትተው ይሄዳሉ።

በምድር ኃይል ውስጥ ያለ አገልግሎት ከሀገር ውጪም ሊያደርስ ይችላል። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምቷል፤ በተከታታይ ዙሮችም ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ አገልግለዋል። ከዚያ በኋላ በኮንጎ፣ በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ኢትዮጵያውያን በሰላም ማስከበር ተሰማርተዋል። ለዚህ ዓይነቱ ስምሪት የአካል ብቃትና ሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ችሎታም ዋጋ አለው።

አየር ኃይል፦ አብራሪው አንድ፣ ደጋፊው ብዙ

በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የታየው በ1921 ዓ.ም. ነው። ቢሾፍቱን ዋና መቀመጫው ያደረገው አየር ኃይል ከዚያ ዘመን የሚነሳ ታሪክ አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ያበረሩ አብራሪዎች የሰማይ የበላይነትን በመያዛቸው ለምድር ጦሩ ውጊያ መቃናት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ወጣቶች አየር ኃይል ሲባል የሚታያቸው አብራሪ ነው። አብራሪ ግን ከአየር ኃይል አባላት መካከል ጥቂቱ ነው። አንድ አውሮፕላን እንዲነሳ የሞተር ባለሙያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ የመሣሪያ ጫኝ፣ የራዳር ተቆጣጣሪ፣ የአየር ጠባይ ተንባይ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የአየር መከላከያ ምድብተኛና የጦር ሰፈር ጠባቂ ያስፈልጋል። አየር ኃይልን የሚመኝ ወጣት "አብራሪ ባልሆንስ?" ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። በጥገና ሙያ ረክቶ ለመሥራት ዝግጁ ከሆነ ዕድሉ ይሰፋል።

ለበረራ ሥልጠና የሚታጭ ሰው በሒሳብ፣ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ ጠንካራ መሆን ይጠበቅበታል። የበረራ ስሌት ከሒሳብና ከፊዚክስ የወጣ ነው። የእነዚህ ትምህርቶች መሠረት የሚጣለው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል በመሆኑ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምኞት ይዘገያል።

ሁለተኛው ወንፊት ጤና ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ሳንባ፣ አጥንትና ቀለምን የመለየት ችሎታ ይመረመራሉ። በዚህ ረገድ የገጠሩ ልጅ ሳያውቀው ሊወድቅ የሚችልበት ምክንያት አለ። ትራኮማ በአማራ ክልልና በሌሎችም የሀገሪቱ አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ የቆየ የጤና ችግር ነው። በልጅነት ደጋግሞ የሚይዝ የትራኮማ ሕመም የዓይን ቆብን ውስጡን ያጠባስላል፤ ሲብስም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ብሌን ይፍቃል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መጠቀምና በዘመቻ የሚታደለውን መድኃኒት መውሰድ የልጁን ዓይን ይጠብቃሉ፤ ሳይታወቅም የወደፊት ሙያውን ይጠብቃሉ።

ለሴቶችም ይህ በር አዲስ አይደለም። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የበረራ ትምህርት የተማሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የአየር ኃይል ሙያዎች በጉልበት ላይ ሳይሆን በትክክለኛነትና በትዕግሥት ላይ ስለሚመሠረቱ በትምህርቷ የበረታች ልጃገረድ በዚህ መስክ የምትወዳደርበት ሰፊ ዕድል አላት።

ባሕር ኃይል፦ ወደብ የሌላት ሀገር መርከበኛ

ባሕር ኃይል ብዙ ጥያቄ የሚነሳበት ክፍል ነው። "ባሕር ሳይኖረን መርከበኛ ምን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋን ማዕከል ያደረገ ባሕር ኃይል አቋቁማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ መርከቦቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን ሄዱ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ሀገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻዋን አጣች፤ ባሕር ኃይሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ።

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እንደሚያደራጅ አስታወቀ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባን በጎበኙበት ወቅትም ባሕር ኃይሉን መልሶ ለመገንባት የሚያግዝ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። ይህን ክፍል የሚመርጥ ወጣት በመገንባት ላይ ያለ ተቋም ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ አለበት። በአዲስ ተቋም ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው የማደግ ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ በሌላ በኩል ሥራው፣ ምድቡና የሚሰማራበት ቦታ ገና በመደራጀት ላይ በመሆኑ እርግጠኛነቱ ያንሳል።

በጣና ዳርቻ ታንኳ እየቀዘፈ፣ እየዋኘ ያደገ ወጣት ለዚህ ሙያ የልብ ቅርበት ይኖረው ይሆናል። ዋና መቻል ጥሩ ጅምር ነው። የመርከብ ሥራ ግን የሞተር፣ የኤሌክትሪክ፣ የአቅጣጫ ስሌትና የግንኙነት ዕውቀት ይጠይቃል። በተጨማሪም ባሕር ኃይልና የንግድ መርከበኛነት የተለያዩ መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የማሪታይም አካዳሚ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለንግድ መርከቦች የሚያሠለጥን የሲቪል ተቋም ነው። እዚያ የተማረ ሰው በደመወዝ የሚቀጠር መርከበኛ እንጂ ወታደር አይሆንም።

በቀጥታ የማይገባባቸው ክፍሎች

በበዓላት የሰልፍ ትርዒት ላይ የሚታዩት ኮማንዶዎችና ሪፐብሊካን ጥበቃ የብዙ ወጣቶችን ልብ ይስባሉ። እነዚህ ክፍሎች አስቀድሞ ሠራዊቱን ከተቀላቀሉት መካከል በብርታት፣ በሥነ ምግባርና በጽናት የተመረጡትን የሚያሠለጥኑ ናቸው። ስለዚህ "ኮማንዶ ልሆን ነው" ብሎ ከቤቱ የወጣ ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው እንደማንኛውም ምልምል መሠረታዊ ሥልጠናን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ልዩ ሥልጠና ብዙዎች የሚመለሱበት ነው። በዚያ ባይሳካለት በእግረኛ ክፍል ለማገልገል ዝግጁ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ሦስት መግቢያዎች

ከየትኛው ኃይል በላይ የወጣቱን መንገድ የሚለየው በየትኛው መግቢያ መግባቱ ነው። የመጀመሪያው በምልምል ወታደርነት መግባት ነው፤ የትምህርት መስፈርቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙዎች የሚገቡት በዚህ ነው። ሁለተኛው በዕጩ መኮንንነት መግባት ነው፤ ከፍ ያለ የትምህርት ውጤትና ጠንከር ያለ ፈተና ይጠይቃል፤ ሲመረቅም በመኮንንነት ማዕረግ ሰው መምራት ይጀምራል። ሦስተኛው በሙያ መግባት ነው፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም ሌላ ባለሙያ ሠራዊቱ በሚያወጣው ልዩ ማስታወቂያ ይወዳደራል። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲም በቢሾፍቱ ባሉት የምሕንድስናና የጤና ሳይንስ ኮሌጆቹ ለሠራዊቱ የሚያገለግሉ ባለሙያዎችን ያስተምራል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የመጣለት ተማሪ በስሜት ወይም በጓደኛ ግፊት በምልምልነት ከመመዝገቡ በፊት በሌሎቹ መግቢያዎች መወዳደር ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይበጀዋል። የዕድሜ፣ የቁመት፣ የክብደትና የትምህርት መስፈርቱ በየማስታወቂያው ይለያያል። ስለዚህ ያምናው ማስታወቂያ ለዘንድሮው ማስረጃ አይሆንም።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እንደሚባለው ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። አመልካቹ በምዝገባው ቦታ እነዚህን መጠየቅ መብቱ ነው። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት ነው? ረጅምና ውድ ሥልጠና የሚሰጥባቸው ሙያዎች ግዴታቸው ይረዝማል ወይ? በሥልጠና ወቅትና ከሥልጠና በኋላ ክፍያው ምን ያህል ነው? ለጉዳትና ለሞት ለቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ምንድን ነው? ጡረታ የሚገኘው በስንት ዓመት አገልግሎት ነው? በሠራዊቱ የተማርኩት ሙያ በሲቪል የሙያ ብቃት ምዘና ተቀባይነት አለው ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወታደርነት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሥራ አይደለም። በ30ዎቹ ዕድሜው የሚሰናበት ሰው ገና ብዙ የሥራ ዘመን ይቀረዋል። ተሽከርካሪ መጠገን፣ ኤሌክትሪክ መዘርጋት፣ ሕሙም መንከባከብ የለመደ ሰው ሲመለስ ሥራ ይፈልገዋል። መሣሪያ መያዝ ብቻ የለመደ ሰው ግን ከጥበቃ ሥራ ውጪ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እግረኛ ሆኖ የሚያገለግልም ቢሆን በትርፍ ጊዜው ትምህርቱን መቀጠልና በሠራዊቱ ውስጥ የሚሰጡ ኮርሶችን መውሰድ ለነገው ስንቅ ይሆነዋል።

ሕጉ ለወጣቱ የሚሰጠው ጥበቃም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትት፣ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ እንዲሆን፣ ተግባሩንም ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ሕፃናት በትጥቅ ግጭት እንዳይሳተፉ የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል አጽድቃለች። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ዕድሜውን ጨምሮ እንዲመዘገብ የሚገፋፋ ሰው ሕግ ይጥሳል። "ጥሩ ክፍል አስመድብሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላም ምደባውን የሚወስን ሥልጣን የለውም። ወላጅ የልደት የምስክር ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ቅጂ ቤት ውስጥ ማስቀረት ይኖርበታል።

የሚቀረው ማሳና የሚቀረው ቤተሰብ

ከአርሶ አደር ቤት አንድ ጎልማሳ ሲወጣ የሚጎድለው ልጅ ብቻ አይደለም። በእርሻ ወቅት እርፍ የሚይዝ፣ በአረም ጊዜ የሚጎነበስ፣ በአጨዳ ጊዜ ነዶ የሚከምር ጉልበት ይጎድላል። ቤተሰቡ ከመዝመቱ በፊት ሥራው በማን እንደሚሸፈን መምከር አለበት። በደቦ፣ በወንፈል ወይስ በእኩል አራሽ?

በስሙ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ወጣት ደግሞ ለማሳው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ በቃል ብቻ "እረስልኝ" ብሎ መሄድ ከዓመታት በኋላ ለክርክር ይዳርጋል። የቀበሌውን ወይም የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ የኪራይ ወይም የእኩል አራሽ ውሉን በጽሑፍ ማስመዝገብ፣ የሚወክለውንም ሰው በሕጋዊ ውክልና ማሳወቅ ይገባዋል። ባለትዳር ከሆነ ደብተሩ የጋራ መሆኑን፣ ባለቤቱም በውሉ ላይ ድምፅ እንዳላት መርሳት የለበትም። ደመወዙ ለቤተሰቡ በምን መንገድ እንደሚደርስ፣ የባንክ ሒሳቡ በማን ስም እንደሚከፈትም ከመሄዱ በፊት ሊያልቅ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ውትድርና ለሀገር የሚከፈል ትልቅ ዋጋ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ምን እንደሚከፍልና በየትኛው ቦታ እንደሚከፍል አውቆ ቢገባ ለራሱም ለሠራዊቱም ይበጃል። ይህም ዕውቀት ማስታወቂያው በተለጠፈ ሳምንት የሚገኝ አይደለም። ዛሬ 9ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን በቅጡ ቢይዝ፣ ወላጁ ዓይኑን ቢያስመረምረው፣ የተማረውንም ሙያ በወረቀት ቢያስመሰክር፣ የምልመላው ቀን ሲደርስ ከአንድ በላይ መግቢያ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።